የቺዝ ሳንድዊች በመጥበሻ፣ መኮሮኒ በቺዝና ሌሎች ሆድ የሚያሞቁ ምግቦች፦ ለጎንደር ወጥ ቤት የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ሁለት ቁራጭ ዳቦ፣ አንድ እፍኝ የተፈገፈገ ቺዝና ጥቂት ቅቤ ብቻ የሚጠይቀው የቺዝ ሳንድዊች ቀላል ከሚባሉት ምግቦች አንዱ ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ውጪው ጠቁሮ ውስጡ ሳይቀልጥ፣ ወይም ቺዙ ቀልጦ ዳቦው ልምሽ ብሎ ነው። የሁለቱም ጉድለት መነሻ እሳቱ ነው። ዳቦው እሳቱን በቀጥታ ስለሚያገኝ ቶሎ ይቀላል፤ ቺዙ ግን በዳቦው ውስጥ አልፎ የሚደርሰውን ሙቀት ስለሚጠብቅ ይዘገያል፤ ስለዚህ የሠሪው ሙያ የሚለካው ሁለቱን እኩል በማድረስ ነው። ይህ መመሪያ ሳንድዊቹን፣ አብሮት የሚቀርበውን የቲማቲም ሾርባ፣ መኮሮኒ በቺዝን፣ የድንችና የአይብ ጥብስን፣ በመጨረሻም የጾም ምትኩን በጎንደር ገበያና ሱቅ በሚገኝ ዕቃ፣ በኤሌክትሪክ ምድጃም ሆነ በከሰል እንዴት እንደሚሠሩ በዝርዝር ያስረዳል።

ስለ ቺዙ

ሳንድዊቹን ለመሥራት የሚቀልጥ ቺዝ ያስፈልጋል፤ ቺዝ የተባለ ሁሉ ግን አይቀልጥም። ጎዳ፣ ቼዳር፣ ሞዛሬላና ኤመንታል ሬኔት በተባለ ኢንዛይም የሚረጉ ቺዞች ናቸው፤ በውስጣቸው ያለው የወተት ፕሮቲን እርስ በርሱ የተያያዘው በካልሲየም አማካይነት ሲሆን፣ ሙቀት ሲያገኝ መጀመሪያ ስቡ ይፈታል፣ ከዚያ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የፕሮቲኑ መያያዣ ላልቶ ቺዙ ይፈሳል። ሙቀቱ በጣም ካለፈ ደግሞ ፕሮቲኑ እንደገና ይኮማተርና ስቡን ይተፋዋል፤ አንዳንድ ሳንድዊች ሲቆረጥ ቢጫ ዘይት የሚያንጠባጥበውና ቺዙ ጎማ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ለአንድ ሳንድዊች ከ60 እስከ 70 ግራም ቺዝ ይበቃል። በእኔ ዕይታ ምርጡ ድርሻ ሁለት እጅ ጎዳ ወይም ቼዳር፣ አንድ እጅ ሞዛሬላ ነው፤ የመጀመሪያው ጣዕሙን፣ ሁለተኛው መሳቡን ይሰጣል። ሞዛሬላ ብቻውን ሲሆን ጣዕም ያንሰዋል፤ ለረጅም ጊዜ የቆየ ጠንካራ ቺዝ ብቻውን ሲሆን ደግሞ ስቡን ቶሎ ይለቃል። በስስ ቁራጭ ወይም በሦስት ማዕዘን እሽግ የሚሸጠው የተቀነባበረ ቺዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1911 በስዊዘርላንድ ተሠርቶ በ1916 ጀምስ ክራፍት በአሜሪካ ለራሱ ዘዴ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ዓይነት ሲሆን፣ ውስጡ ስብና ፕሮቲኑ እንዳይለያዩ የሚያደርግ ጨው ስላለበት በማንኛውም እሳት ያለ ችግር ይቀልጣል። ጣዕሙ ደካማ ስለሆነ ሙሉ ሳንድዊች በእሱ መሥራትን አልመክርም፤ ነገር ግን ከተፈገፈገው ቺዝ ጋር አንድ ቁራጭ ብቻ ቢገባ ሌላውንም ይዞ ያለሰልሰዋል።

ቺዝ ሲገዛ የሱቁ ፍሪጅ በሚገባ እየሠራ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። መብራት ጠፍቶ መለስ ሲል በነበረበት ሳምንት የተገዛ ቺዝ ብዙ ጊዜ ላዩ ያልበዋል፣ ቅባት ይጠራቀምበታል፣ እሽጉም ይነፋል፤ እንዲህ ያለውን መተው ነው። ቤት ሲደርስ በወረቀት ተጠቅልሎ በላስቲክ ይቀመጣል። በቤት ውስጥም መብራት ሲጠፋ የፍሪጁን በር አለመክፈት ይገባል፤ በሩ ሳይከፈት ለአራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል።

አይብን በሚመለከት ጥያቄው በየቤቱ የሚነሳ ስለሆነ በግልጽ መመለስ አለበት፦ አይብ አይቀልጥም። አይብ የሚሠራው ቅቤው በመናጥ ከወጣለት አሬራ ነው፤ አሬራው አስቀድሞ ኮምጥጧል፣ ኮምጣጣው ካልሲየሙን ከፕሮቲኑ ለይቶታል፣ በላዩ ላይ የሚያርፈው እሳት ደግሞ ፕሮቲኑን አጥብቆ አጓቱን ያስወጣዋል። ስለዚህ በመጥበሻ ላይ እንደገና ሲሞቅ ውኃውን እየለቀቀ ይደርቃል እንጂ አይፈስም። ይህ ማለት ግን አይብ በሳንድዊች ውስጥ ቦታ የለውም ማለት አይደለም። ለስላሳነቱና ቀላል ኮምጣጣነቱ ከባዱን የቺዝ ቅባት ያቃልለዋል፤ የሚያስፈልገው አጋር ብቻ ነው።

አይቡን ለማዘጋጀት በንጹሕ ስስ ጨርቅ ቋጥረው ከላዩ ክብደት ያለው ነገር ጭነው ለአንድ ሰዓት ያህል አጓቱን ያውጡ። ለአንድ ሳንድዊች ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተጠፈፈ አይብ፣ ከ40 ግራም ሞዛሬላ ወይም ጎዳ፣ ከቁንጥር ጨውና በደቃቁ ከተከተፈ ግማሽ ቃሪያ ጋር ይቀላቅሉ። የሚቀልጠው ቺዝ አይቡን ሸፍኖ ይይዘዋል። አይቡ ካልፈላ ወተት የተሠራ ከሆነና ምንጩን የማያውቁት ከሆነ፣ ውስጡ ድረስ በሚገባ የሚሞቅ ምግብ ላይ ብቻ ይጠቀሙበት፤ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴቶች በሚመገቡበት ቤት ደግሞ ወተቱን አፍልተው ያቀዘቀዙ ሰዎች ከሠሩት አይብ ውጭ ባይጠቀሙ ይሻላል።

ስለ ዳቦው

የአንድ ቀን ዕድሜ ያለው ፉርኖ ከሁሉ ይመረጣል። ትኩስ ዳቦ ውስጡ ገና እርጥብ ስለሆነ ሲጫኑት ይጨፈለቃል፣ ከመጥበሻው ላይም በቶሎ አይደርቅም። ፉርኖው በርዝመቱ ሳይሆን በአግድም፣ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው ተደርጎ ይቆረጣል፤ ከዚህ ከወፈረ ቺዙ ጋ ሙቀት ለመድረስ ይዘገያል፣ ከሳሳ ደግሞ ቅቤው ዘልቆት ይገባል። የተቆረጠውና በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠው ዳቦ ይሠራል፤ ሆኖም ስኳር ስለሚበዛበት ቶሎ ይጠቁራል፣ ስለዚህ እሳቱን ከወትሮው ይበልጥ መቀነስ ይጠይቃል።

ከበዓል የተረፈ ድፎ ዳቦ ለዚህ ምግብ እጅግ ተስማሚ ነው፤ በኮባ ተጠቅልሎ የበሰለው ድፎ መዓዛው ከቺዝ ጋር ይስማማል፣ የጥቁር አዝሙዱም ጣዕም በተለይ ከጎዳ ጋር የሚያስደስት ነው። ድፎ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ከአንድ ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ተደርጎ መቆረጥ አለበት።

ስለ ቅቤው

ቅቤው የሚቀባው በዳቦው ውጪኛ ገጽ ላይ ሲሆን፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሳይዘለል መዳረስ አለበት፤ ያልተቀባው ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ለጋ ቅቤ ውስጡ ውኃና የወተት ቅሪት ስላለበት ዳቦውን አሳምሮ ያቀላዋል፣ መዓዛውም ጣፋጭ ነው፤ ነገር ግን ያ የወተት ቅሪት እሳት ሲበዛ መጀመሪያ የሚያርረው እሱ ነው። ንጥር ቅቤ ቅሪቱ ተጠልሎ ስለወጣ ከፍ ያለ ሙቀት ይችላል፣ ዳቦውንም የበለጠ ደረቅና ኩርሽም የሚል ያደርገዋል። በኮሰረትና በበሶብላ የተነጠረ ቅቤ የቺዙን ጣዕም እንዳይሸፍነው ግማሽ ለጋ ግማሽ ንጥር አድርጎ መቀላቀል የተሻለ ውጤት ይሰጣል፤ በኮረሪማ ብቻ ለስለስ ብሎ የተነጠረ ከሆነ ግን ሙሉ በሙሉ በእሱ መሥራት ይቻላል። ያረጀና የሸተተ ቅቤ ለወጥ እንኳ በሽንኩርትና በበርበሬ ይሸፈን ይሆናል፤ በዚህ ምግብ ላይ ግን የሚሸሽግበት ቦታ ስለሌለ መጠቀም አይገባም። ቅቤው ከቀዘቀዘ ዳቦውን ስለሚቀድደው አስቀድሞ ከፍሪጅ ወጥቶ መለስለስ አለበት።

እሳቱንና መጥበሻውን ማዘጋጀት

ከባድ መጥበሻ ወይም ብረት ምጣድ ሙቀትን እኩል ስለሚያሰራጭ ከስስ አሉሚኒየም ይመረጣል። የሚስማማው ክዳን መኖሩ ከመጥበሻው ባልተናነሰ አስፈላጊ ነው።

በኤሌክትሪክ ምድጃ የሚሠራ ሰው አንድ ነገር ማወቅ ይኖርበታል፦ የምድጃው ሽቦ ወይም ሰሌዳ እሳቱ ከተቀነሰም በኋላ ለደቂቃዎች ትኩሳቱን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ከፍ አድርጎ ጀምሮ ኋላ መቀነስ አይሠራም፤ ከመጀመሪያው ከመካከለኛ በታች አድርጎ መጥበሻውን ለአምስት ደቂቃ ያህል ቀስ ብሎ ማሞቅ፣ ከበዛም መጥበሻውን ራሱን ማንሳት ነው የሚበጀው። ሽቦው በግልጽ በሚታይበት የሸክላ ምድጃ ላይ ቅቤም ሆነ ቺዝ እንዳይንጠባጠብ ይጠንቀቁ፤ በብረት ማገላበጫ ሲሠሩም ሽቦውን በፍጹም እንዳይነኩ።

በከሰል ሲሠራ ችኮላ አያስፈልግም። ከሰሉ ሁሉ ተያይዞ ላዩ ነጭ አመድ እስኪለብስ ይጠበቃል፤ ከዚያ ፍሙ ወደ ዳር ይበተናል፣ መካከሉ ላይ ጥቂት ብቻ ይቀራል፣ አስፈላጊ ከሆነም አመድ ይነሰነስበታል። እጅን ከመጥበሻው በላይ አንድ ስንዝር ያህል አርቆ ይዞ ቀስ ብሎ እስከ ስድስት መቁጠር ከተቻለ እሳቱ ደርሷል፤ ከሦስት በፊት እጅ የሚያስነሳ ከሆነ ገና ኃይለኛ ነው። በጎንደር ክረምት ብርዱ በር ዘግቶ ከሰል አንድዶ መቀመጥን የሚያስመኝ ቢሆንም፣ ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ጢስም ስለሌለው ሳይታወቅ ሰው ይገድላል። ከሰል ደጅ ይያያዝ፤ ቤት ከገባም በርና መስኮት ይከፈቱ።

መጥበሻው መሞቁን ለማረጋገጥ ጥቂት ቅቤ ጣል ያድርጉበት። በዝግታ አረፋ እያወጣ ቀለሙን ሳይቀይር ከቆየ ልክ ነው። ወዲያው ቡናማ ከሆነ ጠርገው ያስወግዱትና መጥበሻው እስኪበርድ ይጠብቁ።

አሠራሩ

ቺዙ ሳንድዊቹ ከመሠራቱ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ከፍሪጅ ይወጣል፤ ቅዝቃዜው ሲለቀው በትልቁ የመፈግፈጊያ ዓይን ይፈገፈጋል። የተፈገፈገ ቺዝ ከተቆራረጠ ቺዝ ይልቅ ቶሎና እኩል ስለሚቀልጥ ይህን ደረጃ መዝለል አይመከርም።

የሁለቱን ዳቦዎች አንድ አንድ ገጽ ቅቤ ቀብተው፣ አንዱን በተቀባው ገጹ መጥበሻው ላይ ያስተኙት። ቺዙን ከጠርዙ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ውስጥ ገባ አድርገው ይበትኑ፣ መካከሉ ላይ እንዳይከመር ያስተካክሉት፤ ከዚያ ሁለተኛውን ዳቦ የተቀባው ገጹ ወደ ላይ ሆኖ ይክደኑበት። በእጅዎ መዳፍ ወይም በማገላበጫ ለስለስ አድርገው አንድ ጊዜ ብቻ ይጫኑት። ደጋግሞ መጫን ዳቦውን ያጠፈጥፈዋል፣ ቺዙንም ሳይያያዝ ወደ ዳር ያወጣዋል።

አሁን መጥበሻውን ይክደኑት። ክዳኑ ሙቀቱን አፍኖ ከላይም ወደ ታች ስለሚመልሰው ቺዙ ዳቦው ሳይጠቁር መላላት ይጀምራል። ሁለት ተኩል ወይም ሦስት ደቂቃ ሲሆን ይክፈቱና ጠርዙን በማገላበጫ ከፍ አድርገው ይመልከቱ፤ የታችኛው ገጽ የማር ቀለም ከያዘ ሳንድዊቹ ለመገልበጥ ደርሷል። ገና ነጭ ከሆነ ሌላ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ፤ እሳቱን ግን ከፍ አያድርጉ። ሲገለብጡ በአንድ እጅ ማገላበጫውን ከሥሩ አስገብተው በሌላው እጅ የላይኛውን ዳቦ ደገፍ ያድርጉ።

ከተገለበጠ በኋላ ክዳኑ አይመለስም። በመጀመሪያው ገጽ ወቅት የተጠራቀመው እንፋሎት አሁን መውጣት አለበት፤ ከታፈነ አስቀድሞ የደረቀውን የላይኛውን ገጽ መልሶ ያረጥበዋል። ሁለተኛው ገጽ ዳቦው ስለሞቀ ከመጀመሪያው ይፈጥናል፤ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ቺዙ መቅለጡ የሚታወቀው ከጠርዙ ወጣ ብሎ ሲያብረቀርቅና የላይኛው ዳቦ ሲነካ ሳይንሸራተት ከታችኛው ጋር አብሮ ሲንቀሳቀስ ነው። ጠቅላላ ጊዜው ከአራት ተኩል እስከ ስድስት ደቂቃ ይደርሳል፤ በሦስት ደቂቃ ያለቀ ሳንድዊች ካለ እሳቱ በዝቶበታል።

ከመጥበሻው እንደወጣ በሳህን ላይ በቀጥታ ማስተኛት ሥራውን ያበላሻል፤ በሳህኑና በዳቦው መካከል የታፈነው እንፋሎት የታችኛውን ገጽ ወዲያው ያለሰልሰዋል። ሁለት ሹካዎች ጎን ለጎን አጋድመው ሳንድዊቹን በላያቸው ላይ ያሳርፉትና ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ። በዚህ ጊዜ ቺዙም ረጋ ይላል፤ ሲቆረጥ ሸሽቶ አይፈስም። ጥርስ ባለው የዳቦ ቢላዋ ሳይጫኑ በመጋዝ አኳኋን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ይቁረጡት።

ለብዙ ሰው ሲሠራ ሁለት ሁለት እያሉ መጥበስ ይሻላል፤ መጥበሻውን ማጨናነቅ ሙቀቱን ይቀንሰዋል።

በውስጡ የሚጨመሩ ነገሮች

ለዚህ ሁሉ ሕጉ አንድ ነው፦ የሚጨመረው ነገር ደረቅ፣ ሞቅ ያለና ጥቂት መሆን አለበት። ቲማቲም ከነውኃው ከገባ ዳቦውን ያርሰዋል፤ ፍሬውና ውኃው ወጥቶ ሥጋው ብቻ በስሱ ተቆርጦ፣ ጨው ተነስንሶበት፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ በጨርቅ ተጠርጎ ቢገባ ግን ጥሩ ነው። ቀይ ሽንኩርት በቅቤ በዝግታ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቡናማ እስኪሆን ከበሰለ ከቼዳር ጋር እጅግ ይስማማል። ሰናፍጭ በዳቦው የውስጥ ገጽ ላይ በስሱ ሲቀባ የቺዙን ክብደት ይቆርጣል፤ አዋዜም እንዲሁ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሳያልፍ።

በተለይ ልመክረው የምወደው ከፋሲካ ወይም ከገና ማግስት የሚሠራውን ነው። ከዶሮ ወጥ የተረፈውን ሥጋ ከአጥንቱ ለይተው በእጅ ይዘርዝሩት፤ ቁሌቱን አራግፈው በመጥበሻ ላይ ትንሽ ያሙቁት። በዳቦው ላይ በመጀመሪያ ግማሹን ሞዛሬላ፣ በላዩ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሥጋ፣ ቀጥሎ አንድ ማንኪያ የተጠፈፈ አይብ፣ በመጨረሻም የቀረውን ሞዛሬላ ያድርጉ። ቺዙ ከላይም ከታችም መሆኑ ሁለቱን ዳቦዎች አጣብቆ ሥጋው እንዳይበተን ያደርገዋል። ዶሮ ወጥና አይብ በአንድ ገበታ የለመዱ ጓደኛሞች ስለሆኑ እዚህም አይጣሉም። ከተረፈው ቁሌት ጥቂቱን አሙቀው በሲኒ አጠገቡ ቢያቀርቡት ዳቦው እየተጠቀሰ ይበላል። እንቁላሉን ውስጥ ማስገባት አልመክርም፤ እየተሰባበረ ሳንድዊቹን ያስከፍተዋል፣ ለብቻው ይቅረብ።

የቲማቲም ሾርባ

አሜሪካውያን የቺዝ ሳንድዊችን ከቲማቲም ሾርባ ጋር ማቅረብ የለመዱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የቲማቲሙ ኮምጣጣነት ቅባቱን ከምላስ ላይ ያነሳዋል። ለአራት ሰው አንድ ኪሎ የበሰለ ቲማቲም፣ ሁለት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቅቤና አንድ የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ያዘጋጁ። ሽንኩርቱን በቅቤው ሳይጠቁር እስኪለሰልስ ያቁላሉ፤ ነጭ ሽንኩርቱንና ድልሁን ጨምረው ድልሁ ጠቆር እስኪል ለሁለት ደቂቃ ያማስሉ፤ ከዚያ የተከተፈውን ቲማቲምና ሁለት ብርጭቆ ውኃ ጨምረው ከድነው ለግማሽ ሰዓት በመካከለኛ እሳት ያብስሉት። በወንፊት አጥልለው ወይም በመፍጫ አልመው ወደ ድስቱ ይመልሱት።

ወተት ወይም ስልባቦት መጨመር የሚፈልግ ሰው ከእሳት ካወረደው በኋላ፣ አስቀድሞ ሞቅ ያለውን በቀጭኑ እያፈሰሰና እያማሰለ ይጨምር፤ በሚፈላ ሾርባ ላይ ቀዝቃዛ ወተት ቢፈስ የቲማቲሙ ኮምጣጣነት ወዲያው ይቋጥረዋል።

መኮሮኒ በቺዝ

መኮሮኒ በኢትዮጵያ ከተሞች ከጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ወዲህ በሰፊው የተለመደ ምግብ ነው፤ በጎንደር ፒያሳም የዘመኑ ሕንፃዎች አሁንም ቆመዋል። ምግቡን በቺዝ መሥራት ግን በሥጋና በቲማቲም ስጎ ከመሥራት የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ለስድስት ሰው 500 ግራም መኮሮኒ በአምስት ሊትር የሚፈላ ውኃና በሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው ይቀቀላል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ በእሽጉ ላይ የተጻፈው ደቂቃ አይበቃም፣ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ መጨመር ያስፈልጋል። የሚተማመኑት ሰዓቱን ሳይሆን ጥርስዎን ይሁን፤ መካከሉ ላይ ትንሽ ጠንከር ያለ ነገር ሲቀር ያውጡት፣ ቀሪውን በስጎው ውስጥ ይጨርሳል። አንድ ኩባያ የመቀቀያ ውኃ አስቀርተው ያጥልሉት።

ለስጎው 50 ግራም ለጋ ቅቤ አቅልጠው 50 ግራም የስንዴ ዱቄት ይጨምሩና ሳይጠቁር ለሁለት ደቂቃ ያማስሉ። ከዚያ ተፈልቶ ሞቅ ያለ ሦስት አራተኛ ሊትር ወተት በጥቂት በጥቂቱ፣ ዱቄቱ እንዳይጓጉል ያለማቋረጥ እያማሰሉ ይጨምሩ። የአካባቢያችን ላሞች፣ በተለይም የፎገራ ላም፣ ወተታቸው በስብ የበለጸገ ስለሆነ ስጎው ያለ ክሬም ይወፍራል። አምስት ደቂቃ በዝግታ ከተንተከተከ በኋላ ድስቱን ከእሳት ያውርዱ። 250 ግራም የተፈገፈገ ቺዝ በሦስት ተራ እየጨመሩ ያማስሉት። ድስቱ እሳት ላይ እንዳለ ቺዝ መጨመር ስጎውን አሸዋማ የሚያደርግ ዋናው ስሕተት ነው፤ ከወረደው ስጎ ያለው ትኩሳት ብቻውን በቂ ነው። ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና ቁንጥር የተፈጨ ገውዝ ይጨምሩበት፤ ከመኮሮኒው ጋር ሲቀላቀል ከወፈረ ባስቀሩት ውኃ ያቅጥኑት። እዚህ ላይ ቆሞ መብላት ይቻላል።

ላዩ እንዲቀላ የሚፈልግና ምድጃው ኦቨን የሌለው ሰው ደግሞ ድፎ ዳቦ የሚጋገርበትን ዘዴ ይጠቀም። መኮሮኒውን ወፍራም ታች ባለው ድስት ውስጥ ገልብጠው፣ በላዩ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ በሁለት ማንኪያ ቅቤ አሽተው ይበትኑበት። ጠፍጣፋ የብረት ክዳን ገጥመው፣ ከታች ጥቂት ፍም፣ ከክዳኑ በላይ ደግሞ ከታችኛው የበዛ ፍም ያድርጉ። ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጃል። ክዳኑን ሲያነሱ አመድ እንዳይገባ አስቀድመው ፍሙን ይጥረጉ። ክዳኑ የፕላስቲክ እጀታ ካለው ይህን ዘዴ መሞከር አይገባም።

የድንችና የአይብ ጥብስ

አይብ ባለመቅለጡ የሚመሰገንበት ምግብ ይህ ነው። ከዳባትና ከደባርቅ ወደ ጎንደር ገበያ ከሚመጣው ድንች አንድ ኪሎ ከነልጣጩ ቀቅለው በትኩሱ ይላጡና ይፍጩት፤ በባዶ ድስት ላይ ለሁለት ደቂቃ እያማሰሉ ውኃውን ያድርቁ። ሲበርድ 200 ግራም የተጠፈፈ አይብ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ፣ አንድ እንቁላል፣ ሁለት በደቃቁ የተከተፈ ቃሪያና ጨው ቀላቅለው፣ የእጅ መዳፍ የሚያህሉ ጠፍጣፋ ድብልብሎች ይሥሩ። ዱቄት ነስንሰው በመካከለኛ እሳት፣ በጥቂት ዘይት በእያንዳንዱ ገጽ አራት አራት ደቂቃ ይጥበሱ።

በጾም ቀን

ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በአጽዋማት ቺዝና ቅቤ ስለማይቀመሱ፣ በዚሁ መጥበሻና በዚሁ ዝግ ያለ እሳት የሚሠራ ምትክ ማወቅ ይጠቅማል። ወፍራም ተጋቢኖ ሽሮ፣ ማንኪያ ሲገባበት የሚቆም ያህል እስኪጠነክር በስሎ፣ ፈጽሞ ከበረደ በኋላ በዳቦ መካከል በግማሽ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይቀባል፤ ፍሬው የወጣ ቲማቲምና ስንጥቅ ቃሪያ ይታከልበታል። ዳቦው በውጪው በሰሊጥ ወይም በሱፍ ዘይት ተቀብቶ ይጠበሳል፤ ክዳን አያስፈልገውም፣ ምክንያቱም የሚቀልጥ ነገር የለም፣ መሞቅ ብቻ ይበቃዋል። ዳቦውን ሲገዙ ወተት ወይም ቅቤ ያልገባበት መሆኑን ጋጋሪውን ይጠይቁ።

የተረፈን ማሞቅና መጥበሻን ማጽዳት

የቀዘቀዘ ሳንድዊች በማይክሮዌቭ ከሞቀ ዳቦው ጎማ ይሆናል። በደረቅ መጥበሻ፣ ያለ ቅቤ፣ በጣም በዝግታ ለአራት ደቂቃ ከድኖ፣ ከዚያ ክዳኑን ከፍቶ በሁለቱም ገጽ አንድ አንድ ደቂቃ ማድረቅ ከሞላ ጎደል ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል። መኮሮኒው ደግሞ ጥቂት ወተት ተረጭቶበት በዝግታ ይሞቃል።

መጥበሻው ላይ የፈሰሰ ቺዝ በትኩሱ በብረት ከተፋቀ ይጣበቃል። መጥበሻው በርዶ ቺዙ ሲጠነክር በእንጨት ማገላበጫ ይነሳል፤ የቀረውን ጨው ነስንሶ በደረቅ ጨርቅ ማሸት ያነሳዋል። ብረት ምጣድ ከሆነ በሳሙና ውኃ ተነክሮ መተው የለበትም፤ በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ እሳት ላይ ፈጽሞ ደርቆ፣ ገና ሙቅ እያለ በጣም ስስ ዘይት ተቀብቶ ይቀመጣል።